መሣሪያው ጆሮ ላይ ከዋለ በኋላ፦ የልጃችንን መስማት በየትኛው መንገድ እንከታተል?

ለሕፃን ልጅ የመስሚያ መሣሪያ ተገኝቶ ጆሮው ላይ ሲውል ብዙ ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተገላገልን» ይላል። ይገባቸዋል፤ እስከዚያ የሄዱበት መንገድ ቀላል አይደለም። ሥራው ግን ገና ያን ቀን ነው የሚጀምረው። ጆሮ ያድጋል፣ ሞልዱ (ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው በልኩ የተሠራ ክፍል) ያንሰዋል። ቱቦው ይደርቃል። ባትሪ ያልቃል። ጉንፋን ይመጣል። አንዳንዴም የጆሮው መስማት ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ «እማ፣ ዛሬ ግራው አልሰማ አለኝ» ብሎ አይነግራችሁም።

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ያለ ወላጅ «ታዲያ በምን እንከታተለው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ድብልቅልቅ ያለ ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ጥሩትና እዩ ይላል። ሌላው አዲስ አበባ ወስዳችሁ ኦዲዮግራም (ልጁ የሚሰማቸውን ደካማ ድምፆች የሚመዘግብ ምርመራ) አሠሩ ይላል። የጎረቤት ጎረምሳ ደግሞ በስልክ የሚለካ አፕ አለ ይላል። ሁሉም ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላል። አይደለም። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። መሣሪያው በትክክል እየሠራ ነው? የሚያወጣው ድምፅ ለዚህ ልጅ ጆሮ በቂ ነው፣ ከልክስ አላለፈም? ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ያደርገዋል? መሣሪያው ሲወልቅ የጆሮው መስማት እንደ በፊቱ ነው ወይስ ተለውጧል? አራቱንም የሚመልስ አንድ ምርመራ የለም።

የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር። ለእኛ አካባቢ ሰው፣ በየጠዋቱ ቤት ውስጥ የሚደረግ ጥሩ ፍተሻ በዓመት አንዴ ከሚደረግ ውድ ምርመራ ይበልጣል። ጆሮን ማሳየቱ እዚሁ ቅርብ ይሁን። የአዲስ አበባው ጉዞ ቤት ውስጥ ሊሠራ ለማይችል ልኬት ይቆጠብ። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ምን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ ሂዱ።

«ጠራሁት፣ ዞረ» ወይስ ስድስቱ ድምፆች?

ሁሉም ቤት የሚደረገው ፍተሻ ከኋላ ሆኖ መጥራት ወይም ማጨብጨብ ነው። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ አያቶችም ይወዱታል። ችግሩ፣ ልጅ የሚዞረው በመስማት ብቻ አይደለም። ጥላ አይቶ ይዞራል። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ይዞራል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው እህቱ ወዴት እንዳየች ተከትሎ ይዞራል። መስማት የሚቸግራቸው ልጆች ዓይናቸው ንቁ ነው። በዚህ ቤተሰብን ሲያታልሉ ይኖራሉ፤ ሳያስቡት ማለቴ ነው።

ቢሰማም እንኳ ምን ሰማ? ጭብጨባ፣ የድስት ክዳን፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ በድምፅ ማጉያ የሚመጣ አዛን ወይም ቅዳሴ፣ ሁሉም ከተራ ንግግር የበረቱ ናቸው። በእነሱ የሚደነግጥ ልጅ «ሻይ ስጪኝ» ሲባል ግማሹ ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ ማጨብጨብን እንደ ምርመራ አትቁጠሩት።

የተሻለው የቤት ፍተሻ የሊንግ ስድስት ድምፆች የሚባለው ነው። ዳንኤል ሊንግ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በማስተማር የታወቀ ባለሙያ ነበር። ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን የንግግር ድምፅ የሚወክሉ ጥቂት ድምፆችን መረጠ። በእኛ ፊደል እነዚህ ናቸው፦ ም፣ ኡ፣ አ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ። «ም» ወፍራሙ ጫፍ ላይ ናት፣ 250 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ። «ስ» ቀጭኑ ጫፍ ላይ ናት፣ 4000 ኸርዝና ከዚያ በላይ። የቀሩት በመካከል ናቸው። ስድስቱንም ከአንድ ርቀት የሚሰማ ልጅ፣ በዚያ ርቀት የንግግር ድምፆች ባጠቃላይ ይደርሱታል ማለት ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑንና ፋኑን አጥፉ። ድሬ ላይ በግንቦት ፋን ማጥፋት ቅጣት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከልጁ ጎን ወይም ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ራቁ። አፋችሁን በእጅ አትሸፍኑ፤ እጅ «ስ»ንና «ሽ»ን ያፍናል። ድምፃችሁ እንደ ተራ ወሬ ይሁን፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጮኻል። ድምፁን ብቻ አውጡ። «ስ»ን «ሱ» ወይም «ሲ» ካላችሁት ልጁ የመለሰው ለ«ኡ» ወይም ለ«ኢ» ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉን ቀያይሩ። በመካከል ዝም የምትሉበት ጊዜም ይኑር። ዝም ስትሉም የሚመልስ ልጅ እየገመተ ነው። መጀመሪያ ቀኙን ብቻ፣ ቀጥሎ ግራውን ብቻ፣ በመጨረሻ ሁለቱን አብራችሁ ሞክሩ። አንድ ሜትር ላይ ከለመደ ሁለትና ሦስት ሜትር ራቁ።

ምላሹ እንደ ዕድሜው ነው። ከስድስት ወር በታች ያለው ዓይኑን ያፈጣል፣ መጥባቱን ያቆማል ወይም ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ወደ ድምፁ ይዞራል። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን ድምፅ በሰማ ቁጥር ቆርኪ ኩባያ ውስጥ እንዲጥል ማስለመድ ይቻላል። ሦስት ዓመት ካለፈው የሰማውን መልሶ እንዲላችሁ ጠይቁት። ይሄኛው ብዙ ይናገራል፤ «ሽ» ስትሉት «ስ» የሚል ልጅ ድምፅ መኖሩን ሰምቷል፣ ሁለቱን ግን አልለየም።

በአማርኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «መጣሽ» እና «መጣህ» የሚለዩት በመጨረሻዋ ድምፅ ነው። «አልበላም» ላይ ያለችው «ም» ካልደረሰችው፣ የቃሉ መዝጊያ ለልጁ የለም። አንዲት ልጅ ወንድና ሴት እያደባለቀች ስታወራ ሰው ይስቃል። እኔ ብሆን «ሽ»ን የመስማቷን ነገር ቀድሜ እፈትሽ ነበር።

በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ የምታወሩ ቤተሰቦችም ያው ስድስቱን ተጠቀሙ። የሚፈተነው ድምፅ እንጂ ቃል አይደለም። በነገራችን ላይ «ልጁ መሣሪያ ስላደረገ አንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር አሁንም ይሰማል። አትስሙት። በደንብ የሚሰማ መሣሪያ ያደረገ ልጅ ሁለት ቋንቋ ይማራል። ድሬ ላይ ማን በአንድ ቋንቋ ይኖራል አቦ!

ውጤቱን እንዴት እናንብበው? ስድስቱም ድንገት ከጠፉ ባትሪ፣ ኩክ ወይም እርጥበት ነው ብላችሁ ጀምሩ። «ስ» እና «ሽ» ብቻ ከጠፉ ቱቦው በከፊል ተደፍኖ ወይም ማይክሮፎኑ አቧራ ይዞ ሊሆን ይችላል። «ም» እና «ኡ» ከደከሙ ሞልዱ ላልቶ ድምፅ እያፈሰሰ ወይም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ምርመራ አይደለም፣ ጥቆማ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ከትናንት ጋር ማወዳደሩ ነው። ትናንት «ስ»ን ከሁለት ሜትር የሰማ ልጅ ዛሬ ከአንድ ሜትርም ካልሰማት፣ አንድ ነገር ተለውጧል።

ልጁን መፈተን ወይስ መሣሪያውን?

ሁለቱም፣ ግን መሣሪያው ይቅደም። ሕፃን ባትሪው ሞቶም ዝም ብሎ ይጫወታል። መሣሪያውን በራሳችሁ ጆሮ የምታዳምጡበት የሐኪም ማዳመጫ የሚመስል ቀላል ዕቃ አለ፤ ጫፉ ሞልዱ ላይ ይሰካል። ከባትሪ መለኪያ ጋር አብሮ እንዲሰጣችሁ መሣሪያውን የሰጣችሁን ባለሙያ ጠይቁ። በእኔ ግምት ለአንድ ቤተሰብ ከዚህ የሚበልጥ ግዢ የለም። ስድስቱን ድምፆች ወደ መሣሪያው እያላችሁ አዳምጡ። ጥርት ብሎ መምጣት አለበት፤ ከተንኮሻኮሸ፣ ከተቆራረጠ ወይም ከደከመ ችግር አለ። ለከባድ የመስማት ችግር የተሠራ መሣሪያ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ግን ቀስ ብላችሁ አውሩ፤ የእናንተም ጆሮ ያስፈልጋል።

የሕፃናት መሣሪያ ባትሪ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ምልክት ያለው 13 ቁጥር ወይም ሰማያዊው 675 ነው። እነዚህ ባትሪዎች የሚሠሩት አየር ሲያገኙ ነው። ተለጣፊዋን ከላጣችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ አስገቡት። አንዴ ከተላጠ ባትጠቀሙበትም ማለቁ አይቀርም፤ መልሶ መለጠፍ አያድነውም። መሣሪያውን የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ማታ የባትሪውን በር ከፍታችሁ፣ እርጥበት የሚመጥ ነገር ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። ላብ ቱቦው ውስጥ ጠብ ብሎ ድምፅ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማፏጨት ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ ድምፁን ይቀንሳል። ፉጨቱ ይቆማል፣ ልጁም የሚሰማው ይቀንሳል። ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ ሞልዱ ለጆሮው አነሰ ወይም ጆሮው በኩክ ተሞላ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጆሮ ቶሎ ስለሚያድግ ሞልድ በየአንድና ሁለት ወሩ ሊለወጥ ይችላል። እያደገ ሲሄድ በየሦስትና ስድስት ወሩ ይሆናል። ይህን ወጪ ከመጀመሪያው አስቡት።

ቅርብ ያለው የጆሮ ምርመራ

ድሬ ላይ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ካርድ አውጥቶ ጆሮን ማሳየት የመስማት ምርመራ አይደለም። ስለዚህ ሰው ይንቀዋል። ግን በዚህ ዕድሜ መስማትን በብዛት የሚያናጋው የመካከለኛ ጆሮ ፈሳሽ ነው። ከጉንፋን በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ የሚቀር ፈሳሽ ከ20 እስከ 40 ዴሲቤል (የድምፅ ብርታት መለኪያ) የሚደርስ ጊዜያዊ ጉድለት ሊጨምር ይችላል። መሣሪያው ይህን አያውቅም፤ በተስተካከለበት ልክ ይሠራል። ልጁ ለሳምንታት ግማሽ ንግግር ሲሰማ ይቆያል።

ባለሙያው ጆሮ ውስጥ በሚያሳየው መብራት (ኦቶስኮፕ) ሲያይ ኩክ፣ ፈሳሽ፣ የተቀደደ ታምቡር ይታያል። ቲምፓኖሜትሪ የሚባለው መለኪያ ካለ ደግሞ ጥሩ። ጫፉ ጆሮ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያርፋል፣ የታምቡሩን እንቅስቃሴ ይመዘግባል፣ ከልጁ መልስ አይፈልግም። ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን በ1000 ኸርዝ ድምፅ መሠራት አለበት። ለትልቅ ሰው የሚውለው 226 ኸርዝ በጨቅላ ጆሮ ላይ ሊያሳስት ይችላል።

ከሐረር ወደ ድሬ ለሚወርዱ አንድ ነገር ልጨምር። የድንገጎ ቁልቁለት ጆሮ ይደፍናል፣ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። ጉንፋን የያዘው ልጅ ላይ ይበረታል። በመንገድ ላይ ጡት ወይም ውኃ ስጡት፣ መዋጥ ጆሮን ይከፍታል። ከመኪና እንደወረዳችሁም ወደ ምርመራ አትሩጡ፤ ትንሽ ይረፍ።

ጆሮው መግል ካወጣ ሞልዱን አውልቁና እጠቡት። እስኪታይ ድረስ በዚያ ጆሮ አታድርጉ። ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አታንጠባጥቡ። ሌላኛው ጆሮ ደህና ከሆነ የእሱ መሣሪያ ይቀጥል።

በመሣሪያ የሚደረግ ኦዲዮግራም ወይስ ሪል ኢር?

አሁን ወደ አዲስ አበባው ጉዞ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ ቀኑን ይፈጃል፣ በባቡር መካከለኛ ነው፤ የባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ማለቱን እንዳትረሱ። በየትኛውም ሂዱ፣ ገንዘብና ድካም አለው። ስለዚህ እዚያ ምን እንደሚሠራ መምረጥ ቁም ነገር ነው።

ብዙ ወላጅ የሚያውቀው በመሣሪያ የሚደረገውን ኦዲዮግራም ነው። ልጁ እናቱ ጭን ላይ፣ ድምፅ በማይገባበት ክፍል፣ መሣሪያውን አድርጎ ይቀመጣል። ከድምፅ ማጉያ ድምፅ ይመጣል። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ያለው ልጅ ሲዞር የሚበራ አሻንጉሊት ያያል፤ ከዚያ በላይ ያለው በጨዋታ ይመልሳል። በመጨረሻ ልጁ የሰማቸው ደካማ ድምፆች ወረቀት ላይ ይነጠባሉ። ለወላጅ ግልጽ ነው፣ ደስም ይላል። «ያለ መሣሪያ 70፣ በመሣሪያ 30» ሲባል ማን አይገባውም?

ግን ጎደሎው ብዙ ነው። ልጁ የሚሰማውን ደካማ ድምፅ ብቻ ያሳያል። ተራ ንግግር በምን መጠን እንደሚደርሰው አያሳይም። ከሁሉም በላይ፣ የበረታ ድምፅ ሲመጣ መሣሪያው ጆሮን በሚጎዳ መጠን ያጮኸው እንደሆነ ከዚህ ወረቀት አታውቁም። የደከመው ወይም የራበው ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይመልስም። ከድሬ ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ ሕፃን ጠዋት ላይ የሚሰጠው ውጤት እንዴት እንደሚሆን ገምቱት።

ሪል ኢር የሚባለው ልኬት ሌላ ነገር ነው። ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ከሞልዱ ጎን ጆሮ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው በዚህ ልጅ ጆሮ ውስጥ የሚያወጣው ድምፅ በቀጥታ ይለካል። ለሕፃናት ደግሞ የተሻለ መንገድ አለ። በደቂቃዎች ውስጥ የልጁ ጆሮ ከመደበኛው የመለኪያ ዕቃ በምን ያህል እንደሚለይ ይለካል፤ ባለሙያዎች አርኢሲዲ ይሉታል። ቀሪው ሥራ መሣሪያውን ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ያለ ልጁ ይጠናቀቃል። ልጁ ተኝቶም ይቻላል። መልስ አይፈለግበትም።

ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? የሕፃን የጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ነው። ያው መሣሪያ ያንኑ ድምፅ ቢያወጣ፣ በሕፃን ጆሮ ውስጥ ከትልቅ ሰው ጆሮ ይልቅ ይበረታል። ልዩነቱ 10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በትልቅ ሰው አማካይ ልክ የተሞላ (ድምፁ የተስተካከለ) መሣሪያ ለሕፃን ከልክ በላይ ሊጮህ ይችላል። ጆሮው ሲያድግ ደግሞ ልዩነቱ እየጠበበ ስለሚሄድ የዛሬ ዓመት የተለካው ዛሬ አይሠራም። ሞልድ በተለወጠ ቁጥር እንደገና መለካት ያለበት ለዚህ ነው። ልኬቱ ደካማ፣ መካከለኛና ብርቱ ንግግርን ለየብቻ ያሳያል። ጣሪያውንም፣ ማለትም መሣሪያው የሚያወጣውን ከፍተኛ ድምፅ፣ ያሳያል።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምታገኙ ከሆነ፣ በተለይ ከሦስት ዓመት በታች፣ እኔ ሪል ኢርን እመርጣለሁ። ኦዲዮግራሙ ይከተል፣ ልጁ ካረፈ በኋላ። ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ውስጥ ጆሮ ላይ የሚገባ መስሚያ) ወይም በአጥንት በኩል የሚያሰማ መሣሪያ ላደረገ ልጅ ግን ምርጫው ይገለበጣል። እዚያ ሪል ኢር በዚህ መልክ ስለማይሠራ በመሣሪያ የሚደረገው ኦዲዮግራም ዋናው ነው።

ወላጅ መጠየቅ ያፍራል። አትፈሩ፤ የድሬ ሰው አንቱ ማለት አይወድም ይባል የለ፣ ጥያቄ ግን ይወዳል። «ዶክተር፣ ለልጄ ሪል ኢር ተሠርቷል? ወይስ በአማካይ ነው የተሞላው? በየትኛው ቀመር?» በሉ። ቀመሩ መሣሪያው ምን ያህል ድምፅ ማውጣት እንዳለበት የሚወስን ነው፤ ለሕፃናት የታወቁት ዲኤስኤል እና ኤንኤኤል የሚባሉት ናቸው። የታተመውን ወረቀት ኮፒ ጠይቁና ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡ። መሣሪያ አስረክቦ «ከዓመት በኋላ ተመለሱ» የሚል ቦታ አለ፣ ስሙን አልጠራም። ለሕፃን ዓመት ረጅም ነው። የተለመደው የባለሙያዎች ምክር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየአራትና ስድስት ወሩ መታየት ነው።

በዚያ ቀጠሮ ያለ መሣሪያ የሚደረገውም ምርመራ እንዳይዘለል፣ ለእያንዳንዱ ጆሮ ለየብቻ። አንዳንድ ወላጅ በዚህኛው ውጤት ያዝናል፤ «መሣሪያው ይኸው ዓመት ሆነው፣ ያለ መሣሪያ ሲለካ ምንም አልተሻለውም»። መሣሪያ ጆሮን አያድንም፣ ስለዚህ ያ ቁጥር አይሻሻልም። የምንፈልገው እንዳይባባስ ነው። ሳይቶሜጋሎ በሚባለው ቫይረስ በማሕፀን የተያዙና የውስጥ ጆሯቸው ቦይ በተፈጥሮ የሰፋ ልጆች መስማታቸው እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ከስድስት ወር በታች ላሉ ወይም ጨርሶ ለማይመልሱ ልጆች በእንቅልፍ የሚሠራው ኤቢአር ይሻላል። የአንጎልን ምላሽ በኤሌክትሮድ ያነባል።

መሣሪያው የሚቆጥረው ሰዓት ወይስ የእናት ደብተር?

አብዛኞቹ አዳዲስ መሣሪያዎች በቀን ስንት ሰዓት እንደበሩ ይመዘግባሉ። ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው ይታያል። ይህ ቁጥር ቤተሰብን ያሳፍራል፣ እውነቱን ግን ይናገራል። ልጁ ነቅቶ ያለበትን ጊዜ በሙሉ ማድረግ አለበት። 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ ጥሩ ይባላል፤ ብዙ ለሚተኛ ጨቅላ በእርግጥ ያንሳል። አንድ ቀዳዳ አለው። የባትሪው በር ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ያደረ መሣሪያም ሰዓት ይቆጥራል።

ደብተሩ ደግሞ ሰዓት የማይነግረውን ይነግራል። ዛሬ ለምን ድምፅ መለሰ? አዲስ የሞከረው ቃል አለ? ጫጫታ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቀፊራ ገበያ ላይ፣ ስሙ ሲጠራ ሰማ? መቼ አውልቆ ጣለው? ባለሙያዎች ለዚህ የተዘጋጁ መጠይቆች አሏቸው። ሊትል ኢርስ የሚባለው 35 «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባሉ ጥያቄዎች አሉት፣ ፒች የሚባለው ደግሞ ልጁ በጸጥታና በጫጫታ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ይጠይቃል። ወላጅ ግን ሲጠየቅ መልካሙን ያጎላል። ስለዚህ ሁለቱን አብሩ። ሰዓቱ ብዙ ሆኖ ደብተሩ ባዶ ከሆነ የመሣሪያው ሙሌት ይፈተሽ። ሰዓቱ ራሱ ትንሽ ከሆነ ግን ሙሌቱን ከመነካካት በፊት ለምን እንደሚያወልቀው ይታይ። ሞልዱ እያሳመመው፣ ወይም ድምፁ እየበረታበት ሊሆን ይችላል።

ስልኩስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ሂርደብልዩኤችኦ የሚባል ነፃ አፕ አለው። በጫጫታ ውስጥ የሚነገሩ ቁጥሮችን ሰምቶ ማስገባት ነው። ለአባት ይጠቅማል፣ ለሕፃን አይደለም። መሣሪያ ላደረገ ትንሽ ልጅ የስልክ ፍተሻ አይመከርም። በአንጻሩ አንዳንድ መሣሪያዎችን ባለሙያው አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ በኩል ማስተካከል ይችላል። መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ይህ መኖሩን ጠይቁ፤ ለእኛ ሩቅ ላለነው ትልቅ ነገር ነው። ሞልድ ግን በኢንተርኔት አይለወጥም።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ከስድስት ወር በታች ከሆነ፦ በየጠዋቱ መሣሪያውን ማዳመጥ፣ ለሞልዱ ቶሎ ቶሎ መመላለስ፣ ኤቢአርና ሪል ኢር። ከዚህ ዕድሜ ሕፃን ምላሽ ብዙ አትጠብቁ። ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ስድስቱ ድምፆች በየቀኑ፣ ጉንፋን በመጣ ቁጥር ጆሮን ማሳየት፣ በየሦስት ወሩ ሪል ኢርና ሲቻል ኦዲዮግራም። ሦስት ዓመት ያለፈው ራሱ ረዳታችሁ ነው። ባትሪው ሲሞት እንዲነግራችሁ አስተምሩት።

ገንዘብ ካጠረ የምቀንሰው የጉዞውን ብዛት ነው እንጂ ባትሪና ሞልድን አይደለም። ሦስት ጉዞ ሁለት ቢሆን፣ ጥሩ ደብተር ይዞ የሄደ ቤተሰብ ብዙ አይጎዳም። ባነሰ ሞልድ የሚያፏጭ መሣሪያ ያደረገ ልጅ ግን በየቀኑ ይጎዳል። ሞልድ ለመሥራት የጆሮ ቅርጽ የሚወስድ ሰው ድሬ ወይም ሐረር ካገኛችሁ፣ ቅርጹን ልኮ ማሠራት ከመሄድ ይረክሳል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ማጅራት ገትር ይዞት የዳነ ልጅ ወዲያው መስማቱ ይለካ። የውስጥ ጆሮው ቶሎ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል፣ ያኔ ኮክሌር ኢምፕላንት ማስገባት ይከብዳል። መሣሪያው ደህና ሆኖ ለስድስቱ ድምፆች የሚሰጠው ምላሽ ከሁለት ቀን በላይ ከቀነሰ፣ ወይም ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ከተለወጠ፣ ያን ሳምንት ይታይ። ልጁ ባትሪ ከዋጠ ወይም አፍንጫው ውስጥ ከከተተ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አታስመልሱት፣ «ደህና ይመስላል» ብላችሁም አትጠብቁ፤ ጉሮሮ ላይ የቀረ ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ሊያቆስል ይችላል። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዓይነቱ እዚያ ላይ ተጽፏል። የባትሪው በር በልጅ እጅ የማይከፈት መሆኑንም መሣሪያውን ስትረከቡ አረጋግጡ።